ስለ ኦቲዝም ዘረመልና ስለ ነፍሳት ባህርይ ምርምር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ ሰፈሮች የሚኖሩና ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆች፣ በአካባቢው የሥነ ሕይወት መምህር ለሆንኩት ለእኔ በየጊዜው ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች መነሻ በማድረግ ነው። የመጀመሪያዋን ጥያቄ ያነሡት አንዲት እናት ናቸው። ስለ ኦቲዝም በኢንተርኔት ሲፈልጉ የአንድ የውጭ አገር ተመራማሪ የሥራ ዝርዝር አገኙና፣ ግማሹ ስለ ኦቲዝም ዘረመል፣ ግማሹ ስለ ንብና ስለ ዝንብ የሚያወራ ቢሆንባቸው፣ «ይህ ሰውዬ የልጆች ሐኪም ነው ወይስ ንብ አርቢ?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱንም አይደለም። ይሁን እንጂ ጥያቄያቸው በአንድ ቃል የሚመለስ ስላልነበረ፣ ከእሳቸው በኋላ ከሌሎች የመጡትንም ጨምሬ እነሆ በጽሑፍ አቅርቤዋለሁ።

አንድ ሳይንቲስት ኦቲዝምንና ነፍሳትን አንድ ላይ የሚያጠናው ምን አገናኝቷቸው ነው?

ያገናኛቸው ሲናፕስ የሚባለው፣ ሁለት የነርቭ ሕዋሳት የሚገናኙበት እጅግ ጠባብ ክፍተት ነው። በዚህ ክፍተት አንደኛው ሕዋስ መልእክት ይልካል፣ ሌላኛው ይቀበላል፤ ሁለቱ ትይዩ ሆነው እንዲቆሙና መልእክቱ በአግባቡ እንዲተላለፍ ከሚያደርጉት ፕሮቲኖች መካከል ኒውሬክሲንና ኒውሮሊጂን የሚባሉት ይገኙበታል። ኒውሬክሲን በአብዛኛው ከላኪው ሕዋስ፣ ኒውሮሊጂን ደግሞ ከተቀባዩ ሕዋስ ወጥተው በመሐል ይያያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎች በሁለት የስዊድን ቤተሰቦች ውስጥ ኦቲዝም ወይም አስፐርገር (የኦቲዝም አንድ መልክ) ያለባቸውን ወንድማማቾች መርምረው፣ በአንደኛው ቤተሰብ የኒውሮሊጂን 3፣ በሌላኛው የኒውሮሊጂን 4 ዘረመል ተለውጦ እንዳገኙት አሳወቁ። ቤተሰቦቹ ሁለት ብቻ ቢሆኑም ግኝቱ የብዙዎችን ዓይን ወደ ሲናፕስ መለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ሲናፕስ ከኦቲዝም ጥናት ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ሆኗል።

የማር ንብ ሙሉ ዘረመል ተነቦ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ንብም ልክ እንደ ሰው አምስት የኒውሮሊጂን ዘረመሎች እንዳሏት፣ የኒውሬክሲን ዘረመልም እንደማይጎድላት አሳዩ። በ2010 ባወጡት ተከታይ ጥናት ደግሞ የእነዚህ ዘረመሎች ሥራ በንቧ አንጎል ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መጠን እንደሌለው፣ ይልቁንም ንቧ ከአካባቢዋ በምታገኘው የስሜት መረጃና በምትማረው ነገር መሠረት እንደሚለዋወጥ ገለጹ። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ተመራማሪ በአንድ ዓመት ስለ ኦቲዝም፣ በሌላው ዓመት ስለ ንብ የመዓዛ ትምህርት ቢጽፍ ሥራው ተበታተነ ማለት አይደለም፤ በሁለቱም ጽሑፎች ውስጥ የሚጠይቀው ስለ ተመሳሳይ ፕሮቲኖች ነው።

ሁለተኛ መገናኛም አለ፤ ይህኛው በተለይ ከእርሻ ጋር ለኖረ ሰው ቅርብ ነው። ኒውሮሊጂን አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ ከሚባለው ኢንዛይም ጋር ከአንድ የፕሮቲን ዘር ይመደባል፤ ኢንዛይሙ ደግሞ ገበሬዎቻችን በጎተራ እህል ላይ የሚነሰንሱት ማላታይን ነፍሳትን የሚገድለው እሱን በማሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በአውስትራሊያ የበግ ዝንብ ላይ የተሠራ ጥናት፣ በዚሁ ዘር ውስጥ ባለ አንድ ኢንዛይም ላይ የአንዲት አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ቅንጣቶች የአንዷ) መለወጥ ብቻ ዝንቡን የዚህ ወገን የሆኑ ፀረ-ተባዮችን እንዲቋቋም እንዳደረገው አሳይቷል። አንድ ተመራማሪ «ዝንብ መርዝን እንዴት ይቋቋማል?» ብሎ የጀመረውን ጥናት ይዞ ወደ ኒውሮሊጂን፣ ከዚያም ወደ ኦቲዝም ቢደርስ እንግዲህ መንገድ ስቶ ሳይሆን የዘመዳሞቹን ፕሮቲኖች ፈለግ ተከትሎ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ስለ ፀረ-ተባይ የሚያወሩ የቆዩ ጽሑፎች ቢያገኙ አይደናገሩ።

ንብ ኦቲዝም ይኖርባታል ማለት ነው?

አይደለም። ጥያቄው ግን ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት በብዙ ዜናዎች ላይ «ኦቲዝም ያለባቸው ንቦች» በሚል መንፈስ ተሰራጭቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ ያደረጉት እንዲህ ነው። ንቦችን በትንንሽ ቡድን ከፋፍለው ሁለት ነገሮችን በየተራ አሳዩአቸው፤ አንደኛው ከሌላ ቀፎ የመጣች ባዕድ ንብ፣ ሁለተኛው ደግሞ መመገብ ያለባት የንግሥት እጭ ናት። ንብ ያረባ ሰው እንደሚያውቀው ዘበኛ የሆነችው ንብ ባዕዷን ትተናኮላለች፣ ሞግዚት የሆነችው ደግሞ ወደ እጯ ትሮጣለች። ጥቂት ንቦች ግን ለአንዱም ለሌላውም ደንታ አልነበራቸውም። የእነዚህ ንቦች የአንጎል ክፍል፣ ማለትም በእንጉዳይ ቅርጹ የሚታወቀውና መረጃን የሚያቀነባብረው ክፍል፣ ሲመረመር፣ ሥራቸው ከሌሎቹ ንቦች ተለይቶ የተገኙት ዘረመሎች በሰው ላይ ከኦቲዝም ጋር ከተያያዙት ዘረመሎች ጋር በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ ተገጣጠሙ። ከመንፈስ ጭንቀትና ከስኪዞፍሬንያ ዘረመሎች ጋር ግን እንዲህ ያለ መገጣጠም አልታየም።

ይህ ግኝት የሚነግረን የሰውና የነፍሳት የዘር ሐረግ ከተለያየ ከ500 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ቢያልፍም፣ ለማኅበራዊ ምላሽ የሚያገለግሉ አንዳንድ ዘረመሎች በሁለቱም ወገን ተጠብቀው መቆየታቸውን ነው። ደንታ ቢስ ሆና የታየችው ንብ ቋንቋ አልዘገየባትም፣ ነገር ደጋግማ በመሥራት አልታወቀችም፣ ድምፅና ብርሃን እንደሚያስጨንቀው ልጅም አልሆነች። ኦቲዝም በሰው ልጅ እድገት ውስጥ በሐኪም ግምገማ የሚለይ ሁኔታ ነው፤ በንብ ላይ ሊለካ የሚችለው ከዚያ ሁኔታ ጋር ከሚነካኩ ዘረመሎች የአንዳንዶቹ ሥራ ብቻ ነው። በተገላቢጦሹም፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሰው የማይወድ ወይም ለሰው ደንታ የሌለው እንዳልሆነ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የንቧን ዝምታ ከልጅዎ ዝምታ ጋር አንድ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ካጋጠመዎት ጽሑፉን ዘግተው ቢነሡ የሚቀርብዎት ነገር የለም።

በቀጥታ ሰውን ማጥናት ሲቻል ለምን ንብና ዝንብ?

ሰውም ይጠናል፤ ነገር ግን የልጅን አንጎል ከፍቶ ዘረመል ሲሠራ ማየት አይቻልም፣ ዘረመሉንም ሆን ብሎ አጥፍቶ ምን እንደሚከተል መጠበቅ ነውር ነው። የፍራፍሬ ዝንብ በሞቃት ክፍል ውስጥ በ10 ቀን ገደማ ከእንቁላል ወደ ሙሉ ዝንብ ስለምትደርስ፣ አንድ ተማሪ የማስተርስ ጽሑፉን ሳይጨርስ በርካታ ትውልዶችን ያያል። ዘረመሏ እ.ኤ.አ. በ2000 ተነቧል፤ በሰው ላይ በሽታ ከሚያስከትሉት ዘረመሎች ሦስት አራተኛ ያህሉ በእሷም ዘንድ አቻ አላቸው። በ2024 ደግሞ የአንዲት እንስት ዝንብ አንጎል 140,000 ገደማ ከሚሆኑት የነርቭ ሕዋሳቱና ከ50 ሚሊዮን በላይ ከሆኑት መገናኛዎቹ ጋር ተስሎ ታትሟል።

ንብ ከዝንብ የምትለየው በማኅበር ኗሪነቷ ነው። አንጎሏ አንድ ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት ብቻ ይዞ (የሰው 86 ቢሊዮን ገደማ ነው) ቀለምን፣ መዓዛንና መንገድን ይማራል፤ በዳንስ ለእህቶቿ የአበባውን አቅጣጫና ርቀት ትነግራቸዋለች። ይህን የዳንስ ቋንቋ የፈቱት ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ በዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነዋል። በኢሊኖይና በአውስትራሊያ የተጠናችው ንብ በዝርያ ረገድ በየጓሯችን ቀፎ ውስጥ ካለችው የማር ንብ ጋር አንድ መሆኗንም ልብ ይሏል፤ የእኛዎቹ ቁጣቸው ይብሳል እንጂ።

ኦቲዝም በዘር የሚመጣ ከሆነ ጥፋቱ የአባት ነው ወይስ የእናት?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይኼ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጠያቂው አማቾች ከተነጋገሩ በኋላ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ባለሙያዎች ኦቲዝም የሚመጣው እናት ለልጇ ፍቅር ስለነፈገችው ነው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 በእንግሊዝ የታተመ የመንትዮች ጥናት ይህን አስተሳሰብ ከሥሩ ነቀነቀው። ጥናቱ የያዘው 21 ጥንድ መንትዮችን ብቻ ነበር፤ ከአንድ እንቁላል ከተገኙት 11 ጥንዶች በአራቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ሲኖርባቸው፣ ከሁለት እንቁላል ከተገኙት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም እንዲህ አልሆነም። ሁለቱም ዓይነት መንትዮች በአንድ እናት እጅ፣ በአንድ ቤት ያደጉ ስለሆነ ልዩነቱ የአስተዳደግ ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዴንማርክ፣ በፊንላንድ፣ በስዊድን፣ በእስራኤልና በምዕራብ አውስትራሊያ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ልጆችን የያዘ ጥናት ደግሞ በኦቲዝም ረገድ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከዘረመል ልዩነት ጋር እንደሚያያዝ ገመተ።

ይህ 80 በመቶ ክፉኛ ይተረጎማል። «ልጄ 80 በመቶ ከእኔ ወርሶታል» ማለት አይደለም፤ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ስላለ ልዩነት የሚናገር ቁጥር እንጂ ስለ አንድ ልጅ የሚናገር አይደለም። «የዘረመል» ማለትም ሁልጊዜ «የተወረሰ» ማለት አይደለም። እያንዳንዳችን በአባታችንም በእናታችንም ደም ውስጥ የማይገኙ፣ የዘር ሕዋስ ሲፈጠር በአጋጣሚ የመጡ በአሥሮች የሚቆጠሩ አዳዲስ የዘረመል ለውጦች ይዘን ተወልደናል፤ እርስዎም፣ እኔም፣ ጎረቤትም። አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም፤ አልፎ አልፎ አንዱ ለአንጎል እድገት አስፈላጊ በሆነ ዘረመል ላይ ያርፋል። ይህ በማንም ኃጢአት፣ በማንም ቸልተኝነት የሚመጣ አይደለም። በሌላ በኩል ከሁለቱም ወላጆች የሚመጡ፣ እያንዳንዳቸው ኢምንት ውጤት ያላቸው ብዙ ልዩነቶች ሲደራረቡም ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ «ከማን መጣ?» የሚለው ጥያቄ የልጁን ቁመት ወይም የሳቁን ዓይነት ከማን አመጣው እንደማለት ነው።

በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች የእድገት እክል ያለባቸውን ልጆች የሚንከባከቡ 102 ሰዎችን የጠየቀና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ከእነሱ ወደ ግማሽ የሚጠጉት በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው፣ ከአራት አንዱ ያህል ደግሞ ሁኔታውን ለመደበቅ እንደሚሞክሩ አሳይቷል። ስለ ዘረመል የሚነገር ነገር በጥንቃቄ ካልተነገረ «እርግማን ነው» ከማለት ወደ «ዘራቸው ነው» ማለት ያሸጋግራል፤ ይህ ደግሞ እህት ልታገባ ስትል ይፋጃል። ስለዚህ አማቾችዎ ሲጠይቁ፣ የብዙ ዘረመሎች ጉዳይ መሆኑንና የሚወቀስ ሰው አለመኖሩን ያለ ማመንታት ይናገሩ።

«የኦቲዝም ዘረመል» የሚባለው የትኛው ነው?

አንድ ብቻ የለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመና ከ35,000 በላይ ሰዎችን የመረመረ ጥናት ብቻውን 102 ዘረመሎችን ለይቷል፤ አንዳንዶቹ በሲናፕስ ላይ የሚሠሩ፣ ሌሎቹ ደግሞ ሌሎች ዘረመሎችን የሚያበሩና የሚያጠፉ ናቸው። ሻንክ3 እና ሲኤችዲ8 የሚሉ ስሞችን ደጋግመው ያገኛሉ። ሆኖም ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሲመረመሩ ተለይቶ «ይኸው» የሚባል ነጠላ ዘረመል አይገኝባቸውም።

በዝንብ ላይ የሠራ መድኃኒት ለልጄ ይሠራል?

የዚህን መልስ በአንድ ታሪክ ብናየው ይሻላል። ፍራጃይል ኤክስ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሁኔታ አለ፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያስከትላል፣ ከያዛቸውም ልጆች ብዙዎቹ የኦቲዝም ምልክት ያሳያሉ። መንስኤው እ.ኤ.አ. በ1991 ታወቀ፤ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ባለ አንድ ዘረመል ውስጥ ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት ከ200 ጊዜ በላይ ሲደጋገሙ ዘረመሉ ይዘጋል፣ ፕሮቲኑም አይመረትም። ዝንብም የዚህ ዘረመል አቻ አላት። ተመራማሪዎች በዝንቦች ላይ ዘረመሉን ሲያጠፉት የነርቭ መገናኛዎቻቸው ተዛቡ፣ የቀንና የሌሊት ሥርዓታቸው ተናጋ፣ ወንዶቹም በመሽኮርመም ረገድ ትምህርት የማይገባቸው ሆኑ። ጤነኛ ወንድ ዝንብ ክንፉን እያርገበገበ እንስቷን ያባብላል፤ ቀደም ሲል ከሌላ ወንድ ጋር የተራከበች እንስት ደጋግማ ካባረረችው ግን ለጥቂት ሰዓታት ነገሩን ይተዋል። ዘረመሉ የጠፋበት ዝንብ እምቢታውን አያስታውስም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ለእነዚህ ዝንቦች ሊትየም የተባለው መድኃኒት፣ ወይም ደግሞ ግሉታሜት ለተባለው የነርቭ መልእክት ከተቀባዮቹ አንዱን የሚያዳክም ሌላ መድኃኒት ሲሰጣቸው የማስታወስ ችሎታቸው መመለሱ ተዘገበ። በአይጦችም ላይ ተመሳሳይ ተስፋ ታየ፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ የፍራጃይል ኤክስ ቤተሰቦች ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ከዚያ ኖቫርቲስ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ማቮግሉራንት የተሰኘውን የዚህ ወገን መድኃኒት በወጣቶችና በአዋቂዎች ላይ ሞከረ። መድኃኒቱን የወሰዱት ባዶ ክኒን ከወሰዱት ስላልተሻሉ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 የፍራጃይል ኤክስ ሥራውን አቆመ።

የዝንቡ ጥናት ሐሰት ነበር ማለት አይደለም፤ ስለ ዝንብ የተናገረው ትክክል ነው። ምናልባት ሕክምናው በሕፃንነት መጀመር ነበረበት፣ ምናልባትም የተለካው ነገር ትክክለኛው አልነበረም፤ ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። ለእርስዎ የሚበጀው ግን ይህን ማወቅ ነው፦ በዝንብ፣ በንብ ወይም በአይጥ ላይ የተገኘ ውጤት ይዞ «ለኦቲዝም መድኃኒት ተገኘ» የሚል ሻጭ በስልክዎ ከመጣ፣ ገንዘብዎን ሳያወጡ «በሰው ላይ፣ ከባዶ ክኒን ጋር ተነጻጽሮ ተሞክሯል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

የአንድን ተመራማሪ የሥራ ዝርዝር ሳይንቲስት ያልሆነ ሰው እንዴት ያንብበው?

ከብዛቱ አይጀምሩ። ሁለት መቶ ጽሑፍ ያለው ሰው በሃያዎቹ ላይ ብቻ ዋናውን ሥራ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። በሥነ ሕይወት ዘርፍ በደራሲያን ዝርዝር መጀመሪያ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ሙከራውን በእጁ የሠራው ነው፣ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ደግሞ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ነው፤ መሐል ያሉት አስተዋጽኦ ያደረጉ ናቸው። ቀጥሎ ጽሑፉ የራሱ ሙከራ ይሁን ወይም የሌሎችን ሥራ የሚቃኝ ዳሰሳ ይለዩ፣ በአቻ ምሁራን ሳይገመገም በፊት የተለቀቀ ረቂቅ መሆን አለመሆኑንም ይመልከቱ። ከሁሉም በላይ በርዕሱ ወይም በማጠቃለያው ውስጥ የተጠናው ፍጥረት ምን እንደሆነ ይፈልጉ፤ ዜና አብዛኛውን ጊዜ የሚሰርዘው «በንብ» ወይም «በአይጥ» የሚለውን አንድ ቃል ነው።

የተሰረዘ ጽሑፍ መኖሩንም ማየት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውና የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ በ2010 በመጽሔቱ ተሰርዟል፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ መቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ልጆች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ግንኙነት አላገኙም። ጽሑፉ 12 ልጆችን ብቻ የያዘ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ በየሰፈራችን ክትባት የሚፈሩ እናቶች መኖራቸው፣ ስረዛ ከዜናው ይልቅ በዝግታ እንደሚጓዝ ያሳያል።

አንድ የራሳችንን ጣጣ ላክልበት። የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የሥራ ዝርዝር በውጭ መዝገቦች ላይ ብዙ ጊዜ ተሰነጣጥቆ ይገኛል። መዝገቦቹ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወስዱ፣ «ተስፋዬ» እና «ከበደ» የሚባሉ አባቶች ልጆች በመቶዎች ተደባልቀው ይታያሉ፤ ያው ሰው ደግሞ ስሙ በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ተጽፎ ሦስት ሰው ይሆናል። ስለዚህ የአገር ልጅ ሥራ ሲፈልጉ «ትንሽ ነው የጻፈው» ብለው ከመፍረድዎ በፊት የስሙን አጻጻፍ ለዋውጠው ይሞክሩ፣ የሚሠራበትንም ተቋም ያክሉበት።

እኛ በዚህ ጥናት ውስጥ አለን?

በጥቂቱ። የአፍሪካ ሕዝቦች የዘረመል ብዝኃነት ከየትኛውም ዓለም ይበልጣል፤ ሆኖም የኦቲዝም የዘረመል ጥናቶች የተመሠረቱት በአብዛኛው በአውሮፓውያን ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። በኬንያና በደቡብ አፍሪካ የሚካሄደው ኒውሮዴቭ የተባለው ጥናት ይህን ክፍተት ለማጥበብ ከተነሡት አንዱ ነው። በኢትዮጵያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ባለሙያዎች ለዓመታት አብረው ሲሠሩ የቆዩት በዘረመል ላይ ሳይሆን ይበልጥ በሚያስቸኩለው፣ ማለትም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥልጠናና በወላጆች ድጋፍ ላይ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙ ቃሉ ራሱ በከተማችን እንግዳ ነበር። የንቡን ወገን በተመለከተ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል የአገራችንን ንቦች፣ ቀፎና የንብ ዕፅዋት ያጠናል። ሁለቱን ወገኖች በአንድ ጣራ ሥር የሚያገናኝ ሰው ከእኛ ተማሪዎች መካከል ቢወጣ ቀፎውም አበባውም በእጃችን ነው።

ለልጄ የዘረመል ምርመራ ላሠራ?

በመጀመሪያ ልጅዎን ለሚከታተለው ሐኪም ምርመራው ምን ይለውጣል ብለው ይጠይቁ። የሚጥል በሽታ፣ የተለየ የፊት ወይም የሰውነት ቅርጽ፣ የጡንቻ መላላት፣ በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ሁኔታ ያለበት ሌላ ሰው ካለ ምርመራው ጠቃሚ መረጃ ሊሰጥ ይችላል። የንግግርና የባህርይ ድጋፍን ግን ውጤት እስኪመጣ ብሎ ማዘግየት አይገባም። አንድ አባት ከአንድ ደላላ በኩል ምራቅ ወደ ውጭ አስልከው ከብዙ ወጪና ወራት በኋላ የተሰጣቸውን ሃያ ገጽ ይዘውልኝ መጡ፤ ውስጡ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ከሚል በቀር የሚረባ ነገር አልነበረውም። ትርጉሙ ያልታወቀ ማለት በሽታ ተገኘ ማለት አይደለም። ናሙናው ለምርምር ከሆነም ወደየት አገር እንደሚሄድ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ፣ ሐሳብዎን ቢለውጡ መውጣት መቻልዎን፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸደቀው መሆኑን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ በተጻፈ ቅጽ ሳያነቡ አይፈርሙ።

ማር ወይም የንብ መንደፍ ለኦቲዝም ይረዳል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?

ይህን የሚደግፍ ማስረጃ የለም። ንብ የምትጠናው ዘረመሏ ስለሚያስተምር ነው እንጂ ምርቷ ኦቲዝምን ስለሚፈውስ አይደለም። መንደፏ አለርጂ ላለበት ልጅ ሕይወት የሚያሳጣ አደጋ ነው፤ ማርም ቢሆን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ቦቱሊዝም የተባለ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል አይሰጥም። ከአንድ ዓመት በላይ የሆነው ልጅ ማር ከወደደ እንደማንኛውም ልጅ ይብላ።

ልጅዎ ቀፎ ማየት ከፈለገ፣ አንዳንዶቹ የንቦቹን ድምፅ እጅግ ይወዱታል፣ ሌሎቹ ደግሞ ጆሯቸውን ይዘው ይሸሻሉ፤ ቀድመው በስልክ ቅጂ ያሰሙትና ፊቱን ይመልከቱ። በእኛ በኩል ንብ አናቢዎች ቀፎ የሚከፍቱት አመሻሽ ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ንቦቹ ስለሚቆጡ ልጅ ይዞ መቅረብ አይመከርም። በጥቅምት አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ፣ ከቀፎው ራቅ ብላችሁ ከአበባው ዘንድ ብትቀመጡ ንቦቹ ሥራቸውን ሲሠሩ ያያል፣ እነሱም ማንንም አይነኩም።